ሊቀ ንጽጽር የኢሜይል ሰርቨር ሲመርጡ

መሥሪያ ቤት በተባለ ቤት ሁሉ አንድ አወዳዳሪ ሰው አለ። ይህ የማይሻር ሕግ ነው። ዘበኛ የሌለው መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ሥራ አስኪያጅ የሌለው፣ ጭራሽ ሥራ የሌለውም አይጠፋም፤ አወዳዳሪ የሌለው ግን እስካሁን አልታየም። እስክሪቢቶ ሊገዛ ወጥቶ ሦስት ሱቅ የሚዞር፣ ዘጠኝ እስክሪቢቶ ክንዱ ላይ ሞክሮ፣ እስከ ክርኑ ተሞነጫጭሮ፣ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ነው። ምን ገዛህ ሲሉት፣ «ገና እያየሁ ነው» ይላል።

ይህን ታሪክ የምትተርከው የቢሮ ጸሐፊ ያወቀቻቸው አወዳዳሪ ግን ከተራዎቹ የሚቆጠሩ አልነበሩም። ሊፍት በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ሠራተኛው ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው «ሊቀ ንጽጽር» ይላቸው ነበር። ማዕረጉን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ዕለት ግን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ «ሊቀ? ከእነማን ጋር ተወዳድሬ?» ብለው ጠይቀዋል።

አፋቸው ላይ የማትጠፋ ጥያቄ ነበረቻቸው፤ «ከምን አንጻር?» የምትል። ጸሐፊዋ ጠዋት በር ላይ አግኝታቸው «ጋሼ፣ ደህና አደሩ?» ስትላቸው ቦርሳቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው ያዛውሩና፣ «ከትናንት ጋር ሲተያይ ደህና ነኝ፤ ከትናንት ወዲያ አንጻር ግን ወገቤን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል» ይላሉ። «ዛሬስ ይሞቃል» ብሎ የተሳሳተ ሰውማ አበቃለት፤ የአምስት ዓመት ሙቀት ከነምክንያቱ ሳይሰማ አይላቀቅም።

ለልጃቸው የትምህርት ቤት ጫማ የገዙበትን ታሪክ ባለቤታቸው ራሳቸው ናቸው ለሠራተኛው ያወሩት። የአንደኛው ሱቅ ጫማ ሶሉ ጠንካራ ነው፣ ማሰሪያው ግን ይበጠሳል። የሌላኛው ማሰሪያው ደህና ነው፣ ሶሉ ያንሸራትታል። ሊቀ ንጽጽር ማስታወሻ ደብተር ይዘው ወጡ፤ ጠየቁ፣ አገላበጡ፣ አሸተቱም ይባላል። በአራተኛው ወር እንከን የማይወጣለት ጫማ ይዘው ገቡ። እውነትም ጫማው እንከን አልነበረውም፤ የልጅቷ እግር ግን አድጎ ነበር።

በሠራተኞች ምግብ ቤትም ሁለት ትሪ ፊት ቆመው ሰልፉን እስከ ደረጃው ድረስ ያስረዝሙት ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን በአየር ላይ ይዛ ቆይታ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ ከአንድ ድስት ነው የወጡት!» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሊቀ ንጽጽር። «ከላይኛው ነው ወይስ ከታችኛው ነው ጥያቄው።»

እንግዲህ የድርጅቱን የኢሜይል ሰርቨር እንዲመርጡ የተሰጠው ለእኚህ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ደብዳቤውን የሚያመላልሰው በራሱ ሰርቨር ነው። ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ይቀመጥ ነበር፤ ስሙም «ጋሪው» ነው። የሁለት መቶ ሠራተኛ ደብዳቤ ተሸክሞ አሥራ አንድ ዓመት ጎትቷል። ሙቀት ሲበረታ ቬንቲሌተር ይዞርለታል፤ ሊቀ ንጽጽር በየሳምንቱ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጉለታል። የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ከዚያች ክፍል ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለነበር ጉርምርምታው እንደ ዘመድ ድምፅ ነበር የሚሰማት። ዝም ሲል ከየፎቁ አንገት ብቅ ብቅ ይላል፤ «ደብዳቤ ቆመ እንዴ?» ይባላል፤ እስኪነሣ ድረስ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ያወጋል፤ ሁለት ትዳር ከዚያ ኮሪደር ወጥቷል። ዛሬ ጸሐፊዋ የራሷ ቢሮ አላት፤ ደብዳቤዋ ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚያድር ግን አታውቅም። አይጮህም፣ አይሞቅም፣ አይቆምም። ሰውም ኮሪደር ላይ አይገናኝም።

ጋሪው በአሥራ ሁለተኛው ዓመቱ በሳምንት ሁለት ቀን መውደቅ ጀመረ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ድርጅቱ ሦስት መቶ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ሊፍቶችን ይጠብቃል፤ ደንቡ ደግሞ ብልሽት ሁሉ በጽሑፍ ይቅረብ ይላል። በስልክ የተነገረ ይረሳል፣ ይካዳልም። ስለዚህ ደብዳቤ ቆመ ማለት ሊፍቱ የተበላሸበት ሰው ጮኾ የሚሰማው የለም ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ ንጽጽር ሰብሳቢ፣ ዋና ቴክኒሻኑ አባል፣ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ። «ሁለት ወር በቂ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከምን አንጻር?» አሉ ሊቀ ንጽጽር።

ለውድድር ከቀረቡት ሶፍትዌሮች ውስጥ ማጣሪያውን ያለፉት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቀለሙ ያማረ፣ የስብሰባ ቀጠሮ መያዣው የተቀለጣጠፈ፣ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ሰነድ ላይ የሚጽፍበት፣ ቆሻሻ ደብዳቤ ደጃፉን የማይረግጥበት። ጸሐፊዋ «ሙሽራው» አለችው። ሁለተኛው ግራጫ ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ከተሰፋ ደብተር አይሻልም፤ ግን ያገኘውን ሁሉ ሳያጉረመርም ያደርሳል። ዋና ቴክኒሻኑ «ባልቴቷ» አላት። ሙሽራውን ሊሸጥ የሚመላለሰው፣ ጫማው መስታወት የሚመስል ሰውዬ ደግሞ «ሚዜው» ተባለ፤ እስከ መጨረሻው በሌላ ስም የጠራው የለም።

ሊቀ ንጽጽር ሰንጠረዥ አወጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ረድፍ ነበረው፤ በሁለተኛው ወር አርባ ሦስት ደረሰ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ስንት ጊዜ ይታገሡታል? ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ሲጽፍ የማን ይጸናል? በዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሰው «የለሁም» የሚል መልስ ሲልክ፣ ሌላው የሌለ ሰውም መልሶ «የለሁም» ሲለው፣ ሁለቱ የሌሉ ሰዎች ስንት ቀን ይጻጻፋሉ? ለዚህ ለመጨረሻው ሙከራ ሁለት ሠራተኞችን ፈቃድ አስወጥተዋል።

ሚዜው አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ በዘርፉ አንደኛ ነው!»

«ከምን አንጻር?»

«ከሁሉም አንጻር!»

«ሁሉም ስንት ናቸው?» አሉ ሊቀ ንጽጽር እርሳሳቸውን አንሥተው። «ይንገሩኝና ልጻፋቸው።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በቃለ ጉባኤው መዝገብ ሸፈነች። ግን ሁልጊዜ አልሳቀችም። እውነቱን ለመናገር ከሁለት ወሩ ስብሰባ በአብዛኛው ትናደድ ነበር። የጻፈችው ቃለ ጉባኤ ዘጠኝ ጊዜ «ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ይላል። ጋሪው ከግድግዳው ወዲያ ያጣጥራል፤ እሳቸው የፊደል ውፍረት ያወዳድራሉ። «ጋሼ፣ የቆጡን አወርድ ስንል የብብታችንን እንዳንጥል» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ደፍራ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «እስቲ የቆጡንና የብብቱን አንድ ጊዜ ጎን ለጎን እንያቸው።»

ሁለት ወሩ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ኮሚቴውን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከደንበኞች ሲወቀስ ከርሟል።

«ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ» አለ። «ግን በቃ። እኔ ሙሽራውን መርጫለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉንም የውጭ ድርጅት ይያዘው። እርስዎን ሌላ ቦታ እናያለን።»

«ሌላ ቦታ» የሚባለው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ብሎን ቆጠራ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ሊቀ ንጽጽር ግን ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አሥራ አራት ቀን ስጠኝ» አሉ። «ሁለቱንም አብረን እናሠራቸው። ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ለሁለቱም ይድረስ። ጎን ለጎን ልያቸው። ከዚያ ወዲያ የፈለግኸውን አድርግ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነፈሰ። «አሥራ አራት ቀን። አሥራ አምስተኛ የለም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ሊቀ ንጽጽር ከሁሉም ቀድመው ይገቡ ጀመር። የሁለቱን ሰርቨር የደብዳቤ ዝርዝር ያትሙና ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በማስመሪያና በቀይ እርሳስ መስመር በመስመር ያስተያያሉ። ሙሽራው ዘንድ ስድሳ ደብዳቤ፤ ባልቴቷ ዘንድ ዘጠና አምስት። ትርፉ ሠላሳ አምስት ቆሻሻ ነው፤ ሎተሪ ደርሶዎታል የሚል፣ ጸጉር አበቅላለሁ የሚል፣ ያላገቡ ከሆነ የሚል። ሊቀ ንጽጽር ሠላሳ አምስቱንም አንድ በአንድ እስከ ፊርማው ያነባሉ።

«ጋሼ፣ ቆሻሻ ማንበብ ጀመሩ?» ይላል ዋና ቴክኒሻኑ ሲያልፍ። «ሎተሪው ከደረሰዎ እኛንም አይርሱን!»

«ሙሽራው ቆሻሻ ነው ያለውን ሁሉ እኔ ቆሻሻ ነው ማለት አልችልም፤ አላየሁትማ» ይላሉ ቀና ሳይሉ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጸሐፊዋ ማስመሪያው ሲቆም አየች። ይህ ሰው እጁ ዘወትር ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ ግን ቀጥ አለ።

«ምን አገኙ ጋሼ?»

 ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት። ርእሱ «አስቸኳይ አስቸኳይ አስቸኳይ!!!» ይላል። የላኪው አድራሻ ማንም የማያውቀው፣ በቁጥር የተሞላ ነው። ውስጡ አራት መስመርና አንድ ትልቅ ፎቶ። ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ የሚጠብቅ ሰው ነው የጻፈው፤ ፊደሉን እየገደፈ። ሊፍቱ ሲወጣ ይፋጫል፤ ከላይ የብረት ክር ይረግፋል፤ ክሩን ከወለሉ ለቅሜ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ ሰባተኛው ፎቅ ላይ የአረጋውያን ክሊኒክ አለ፤ ሰው በደረጃ መውጣት አይችልም፤ በስልክ ብደውል በጽሑፍ ላክ አላችሁኝ።

ሙሽራው ደብዳቤውን አይቶ በራሱ ፈርዷል። የማይታወቅ አድራሻ፣ የሚጮህ ርእስ፣ ከባድ ፎቶ፤ ቆሻሻ ነው ብሎ፣ ለላኪውም ለተቀባዩም ሳይናገር ወርውሮታል። ባልቴቷ መፍረድ አታውቅም፤ በጸጉር አብቃዩና በባለሎተሪው መካከል ደርድራ አምጥታዋለች።

ሊቀ ንጽጽር ስልኩን አነሡ። ጸሐፊዋ ስትተርክ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እኚያ ሰው ሳይጠይቁ፣ ሳያመዛዝኑ አንድ ነገር ሲያደርጉ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነበርና። መጀመሪያ ለሕንጻው ጠባቂ ደወሉ። ቁጥሩ ከደብዳቤው ግርጌ ነበር።

«ሊፍቱን አጥፋው። ሰው ካለበት በቅርብ ባለው ፎቅ አውርደህ አጥፋው። አዎ፣ አሁን። እኔ ነኝ ያልኩህ፣ የሚጠይቅህ ካለ በእኔ አሳብብ።»

ቀጥሎ ለዋና ቴክኒሻኑ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እናጣራ» ሲል ጸሐፊዋ በስልኩ ውስጥ ትሰማለች። «አንድ ሊፍት ማቆም እኮ ቀላል አይደለም፤ ከሌሎቹ ቅሬታዎች ጋር አስተያይተን...»

«አይተያይም!» አሉ ሊቀ ንጽጽር። ጮኹ። ከየጠረጴዛው ሰው ብድግ አለ። «ምንም የሚተያይ ነገር የለም! መኪናውን አስነሣና ሂድ!»

ስልኩን አስቀመጡ። ጸሐፊዋ ውኃ አቀረበችላቸው፤ ጨብጠውት ሳይጠጡ ተቀመጡ። 

ዋና ቴክኒሻኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲገባ እጁ በቅባት እንደጠቆረ ነበር። ክንድ የሚያህል የብረት ገመድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክሮቹ ተፈትለው ወጥተው እንደ እሾህ ቆመዋል። «ከአምስቱ ገመድ ሦስቱ እንዲህ ናቸው» አለ። «የላይኛው መዘውር ተሰንጥቆ እየገዘገዛቸው ነው። ስደርስ አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር በሩ ላይ ተቀምጠው፣ ለምን አቆማችሁብኝ ብለው ይሳደባሉ። ሳምኳቸው።» ከዚያ ወደ ሊቀ ንጽጽር ዞረ። «ጋሼ፣ ስለ ሎተሪው የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ።»

በዚያው ቀን ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰበ። ሚዜውም ተጠርቶ መጣ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ለክብሩ ይነገርለት። «የማጣሪያው ነገር ይስተካከላል» አለ። «አንዲት ነገር መቀየር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ...»

«ሌላው ሁሉ ከባልቴቷ ይበልጣል» አሉ ሊቀ ንጽጽር። «ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ ስምንቱን አሸንፏል። እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት። ግን ልጄ፣ የጣለውን ሳይነግረኝ የሚጥል ከሆነ፣ የሚስተካከል ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

 ሊቀ ንጽጽር ሰንጠረዡን አወጡና ከላይ እስከ ታች አንድ ቀይ መስመር አሰመሩበት። «ባልቴቷ» አሉ። «ቆሻሻውን ሰው ያንብበው።» ሥራ አስኪያጁም «ይሁን» አለ።

ጸሐፊዋ በመዝገቡ ላይ «በዛሬው ዕለት ተወስኗል» ብላ ስትጽፍ እስክሪቢቶዋ ወረቀቱን ሊቀድደው ደረሰ። ስለ ዕቃ ግምጃ ቤቱም ከዚያ ወዲያ ያነሣ አልነበረም።

ባልቴቷ መልአክ አልነበረችም። በስብሰባ ቀጠሮ መያዣዋ ለሦስት ክፍል አንድ አዳራሽ በአንድ ሰዓት ትሰጥ ነበር፤ ሰው ወንበር ተሻምቶ ይቀመጣል። የሠራተኛው ግማሽ ሊቀ ንጽጽርን እየረገመ፣ ግማሹ እየመረቀ ኖረ። እሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየጠዋቱ ቆሻሻውን አነበቡ። አንድም ሌላ «አስቸኳይ» አላገኙም። ጸጉርም አላበቀሉም።

ባልቴቷ ከተመረጠች ሁለት ዓመት ቆይቶ ጸሐፊዋን ሌላ ድርጅት ጠራት። የአስተዳደር ኃላፊ ልትሆን ነው፤ ሰፋ ያለ ሥራ፣ የራስ ቢሮ። እሷ ግን መወሰን አቃታት። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ በአራተኛው ቀን ለሊቀ ንጽጽር ነገረቻቸው። ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ለእናቷም ቢሆን።

«አንድ ሳምንት ስጪኝ» አሉ።

በሳምንቱ በካኪ ፖስታ የታሸገ ሰንጠረዥ ሰጧት። ሠላሳ ረድፍ አለው። የእናቷን ቤት ርቀት ለክተው አስገብተዋል፤ ከአለቃዋ የምትማረውን፣ የምትሰለችበትን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትደርስበትን። ለማጣራት አዲሱ ድርጅት ድረስ ሄደው እንግዳ መቀበያው ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው፣ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ፊቱን አይተዋል። እሱም አንድ ረድፍ ነበር። ከታች ድምሩ ተጽፏል፤ አዲሱ ሃያ አራት፣ የእነሱ ቤት ስድስት።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እኚህ ሰው ሊያባብሏት ይችሉ ነበር። አንድ ሁለት ረድፍ ቢያጋድሉ ማን ያውቅባቸዋል? ቃለ ጉባኤያቸውን እንደ እሷ የሚይዝላቸው፣ ጠረጴዛዋን ለማስመሪያቸው የሚለቅላቸው፣ ንዴቱን ውጦ የሚሰማቸው ሰው ከዚያ ቤት ሌላ አልነበረም። ራሳቸውም ያውቁታል።

«ሂጂ» አሉ። «ጥርት ያለ ነው። አያከራክርም።»

«ጋሼ፣ ሁሉንም አስገብተዋል?» አለች። «አንድም የቀረ የለም?»

ሊቀ ንጽጽር መነጽራቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። 

«አንድ አለ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ከሄድሽ እኛ ምን እንደምንሆን። ግን እሱ በአንቺ ሰንጠረዥ አይገባም፤ የእኛ ነው።»